ካርዱ ከእንግዳው እጅ አይለይ



የልደቱ ታሪክ በተነገረ ቁጥር የእንግዶች ማደሪያ ነገር አብሮ ይነሣል። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ወደ ቤተ ልሔም በወጡ ጊዜ በማደሪያው ስፍራ እንዳጡ፣ ሕፃኑም በግርግም እንደ ተኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። በዚያው በሉቃስ ወንጌል፣ በምዕራፍ 10፣ ሌላ ማደሪያ ደግሞ እናገኛለን። ደጉ ሳምራዊ ወንበዴዎች ያቆሰሉትን መንገደኛ ወደ ማደሪያ ካደረሰው በኋላ ለጠባቂው ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያ በላይ ለሚወጣው ወጪ ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገብቶ መንገዱን ቀጠለ።

አበው ይህን ምሳሌ ሲተረጉሙ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ማደሪያይቱም ቤተ ክርስቲያን ናት ይላሉ። እኛ ለዛሬ የምናነሣው ግን በምሳሌው ውስጥ ያለውን ተራ የሚመስል ነገር ነው። ጠባቂው የማያውቀውን መንገደኛ በምን አመነው? ሳምራዊውስ የወጪው ሒሳብ እንደማይጋነንበት በምን ተማመነ? በሁለቱ መካከል የነበረው ቃልና አደራ ብቻ ነው። እነሆ፣ ዘመን ተለውጦ ዲናሩ በካርድ ቢተካም ጥያቄው ዛሬም ያው ነው።

የክፍያ ካርድ ታሪክ ራሱ ከምግብ ቤት የሚነሣ መሆኑ ሊያስገርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ዳይነርስ ክለብ መጀመሪያ የታሰበው ለምግብ ቤት ሒሳብ መክፈያ ሲሆን፣ ካርዱም ከወፍራም ወረቀት የተሠራ ነበር። በ1960ዎቹ ፎረስት ፓሪ የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ማግኔታዊ ጥብጣብ በፕላስቲክ ካርድ ላይ ለመለጠፍ ሲቸገር፣ ባለቤቱ በልብስ መተኮሻ ሙቀት እንዲያጣብቀው መክራው እንደ ተሳካለት ይነገራል። በካርድ ጀርባ የምናየው ጥቁር መስመር የተወለደው እንዲህ ነው።

ይህ መስመር ግን አንድ ትልቅ ድካም ነበረበት። በውስጡ የተጻፈው ቁጥር አይለወጥም፤ ስለዚህም አንድ ጊዜ የገለበጠው ሰው ሌላ ካርድ ሠርቶ ሊገበያይበት ይችላል። ሌባው የሚያስፈልገው ካርዱን ለጥቂት ጊዜ ከባለቤቱ ዓይን ማራቅ ብቻ ነበር። ይህም ዕድል ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በመጠጥ ቤት ይገኛል። እንግዳው «ሒሳብ ይምጣ» ይላል፤ አስተናጋጁ ካርዱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶችማ ጠጪው እስኪሄድ ድረስ ካርዱን ከባንኮኒው ጀርባ አስይዞ መጠጣት የተለመደ ነበር። ከአሥር አስተናጋጆች ዘጠኙ ታማኞች ቢሆኑ እንኳ፣ አንዱ በእጅ መዳፍ በምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ቁጥሩን ከገለበጠ በዘጠኙም ላይ ጥርጣሬ ይወድቃል። ጉዳቱ የእንግዳው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የንጹሑም ሰው ስም አብሮ ይጠፋል።

ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ የተገኘው ቺፕ ነው። በካይሮ የተወለደው ፈረንሳዊው ሮላን ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1974 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ፈረንሳይም በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባንክ ካርዶቿን በቺፕ አሠራች። ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ የጋራ ደንብ ካወጡ በኋላ አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ልዩነቱን በምሳሌ ብናስረዳ፣ ጥቁሩ መስመር ዓመቱን ሙሉ ከማይለወጥ የዘብ ይለፍ ቃል ጋር ይመሳሰላል፤ አንዴ የሰማው ሁሉ ያልፍበታል። ቺፑ ግን ምሥጢሩን ከውስጡ ሳያወጣ ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ማረጋገጫ ያሰላል፤ የትናንቱን የሰረቀ ለዛሬ አይረባውም።

ብሪታንያ ይህን አሠራር የተቀበለችበት መንገድ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ባለቤቶች ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኖርዛምፕተን ከተማ ሙከራ ተደረገ። ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ ደግሞ አዲሱን መሣሪያ ያላስገባ ነጋዴ፣ መሣሪያው ሊከላከለው ይችል የነበረ ማጭበርበር ሲደርስ ጉዳቱን ራሱ እንዲሸከም ተደረገ። በመጨረሻም ከፌብሩዋሪ 14 ቀን 2006 አንሥቶ በፊርማ ፈንታ የምሥጢር ቁጥር ማስገባት ግዴታ ሆነ። ቁጥሩን የሚያውቀው እንግዳው ብቻ ስለ ሆነ ካርዱን ይዞ ወደ ውስጥ መግባት አልተቻለም። ወይ እንግዳው ተነሥቶ ወደ ባንኮኒው መሄድ፣ ወይም መሣሪያው ወደ እንግዳው መምጣት ነበረበት። አስተናጋጆችም ገመድ አልባ መሣሪያ ይዘው ወደ ጠረጴዛው ይመጡ ጀመር። በእኛ እምነት የለውጡ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ካርዱ ከእንግዳው እጅ ሳይለይ ሒሳቡ ተከፈለ፣ አስተናጋጁም ከሐሜት ዳነ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ኃጢአትን ሁሉ ነቅሎ አልጣለም። ሌቦቹ ካርዱ ራሱ ወደማይታይበት፣ በስልክና በኢንተርኔት ወደሚፈጸም ክፍያ ፊታቸውን አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሰረቀ ካርድ የምሥጢር ቁጥሩ ሳይታወቅ የሚሠራበት ቀዳዳ እንዳለ በተግባር አሳዩ። ይህም ግኝት «የምሥጢር ቁጥሩ ከገባ ጥፋቱ የባለ ካርዱ ነው» የሚለውን ፍርድ ዳግም ማጤን እንደሚገባ አስተማረ። መሣሪያ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ግን አይደለም።

ሌላም የተረሳ ወገን አለ። ጥሬ ገንዘብ ሲቀር ለአስተናጋጁ በጁ የሚሰጠው ጉርሻ በካርድ በኩል ወደ ድርጅቱ ሣጥን ይገባል። ከዚያ ወጥቶ ለሠራተኛው መድረሱን ማን ያረጋግጣል? ብሪታንያ ይህን በሕግ ለመወሰን ብዙ ዘግይታለች፤ በ2023 የወጣውና ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው ሕግ አሠሪው ጉርሻውን ሳይቀንስ ለሠራተኞቹ በፍትሐዊነት እንዲያከፋፍል ያዝዛል። የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት በእግዚአብሔር ፊት የሚጮኽ በደል መሆኑን ለምናምን ክርስቲያኖች ይህ እንግዳ ትምህርት አይሆንብንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ የሩቅ ወሬ አለመሆኑን እንረዳለን። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. በኢትስዊች አማካይነት የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን መሥራት ጀመረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ ላይ ዋለ። ለልደት ወደ ላሊበላ፣ ለጥምቀትም ወደ ጎንደር ከሚጓዘው ምእመን መካከል ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወገናችንና የውጭ አገር ጎብኚ ይገኝበታል። ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ አሳልፎ ማለዳ ወደ ማደሪያው የሚመለስ እንግዳ፣ ሒሳቡን ሲከፍል ልቡ በሥጋት እንዳይናወጥ ማድረግ የአስተናጋጁ ወገን ዕዳ ነው።

ስለዚህ ለባለ ሆቴሎቻችን ጥቂት ነገር እናሳስብ። መሣሪያው ወደ እንግዳው ይምጣ እንጂ ካርዱ ወደ ጓዳ አይግባ። እንግዳው የምሥጢር ቁጥሩን ሲያስገባ አስተናጋጁ ፊቱን ዞር ያድርግ፤ ይህ ጨዋነትም ጥበቃም ነው። ክፍል ለመያዝ በስልክ የተነገረ የካርድ ቁጥር በመዝገብ ተጽፎ በጠረጴዛ ላይ አይዋል፤ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ በካርዱ ጀርባ ያለውን የደኅንነት ቁጥር ማስቀመጥ በዓለም አቀፉ ደንብ ክልክል ነው። ለመያዣ የሚታገድ ገንዘብ ካለ እንግዳው ሲገባ ይነገረው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ መሣሪያው እንደማይሠራ እያወቁ፣ ከበላና ከጠጣ በኋላ «ጥሬ ብር ብቻ» ማለት ያሳፍራል፤ አስቀድሞ መንገር ይገባል። በሞባይል የተላለፈ ክፍያ ደግሞ በእንግዳው ስልክ ላይ በሚታየው ምስል ሳይሆን በድርጅቱ ሒሳብ መግባቱ ይረጋገጥ፤ ተጭበርብሮ ቢገኝም ጉድለቱ ከምስኪኑ አስተናጋጅ ደመወዝ አይቆረጥ።

እንግዳም የበኩሉ ድርሻ አለበት። የምሥጢር ቁጥሩን ለልጁም ቢሆን በሰው ፊት ጮኾ አይንገር፤ የከፈለበትን ደረሰኝ ይመልከት፤ ያለ ማስረጃም አስተናጋጁን አይጠርጥር።

በቤተ ልሔም ማደሪያ ስፍራ ያጣው ጌታ፣ በእንግድነት የተቀበለን ሁሉ እርሱን እንደ ተቀበለ ይቆጠርለት ዘንድ አስተምሯል። ቺፑና የምሥጢር ቁጥሩ የሌባውን እጅ ያሳጥሩ ይሆናል፤ የማደሪያውን ጠባቂ ታማኝ ማድረግ ግን አይችሉም። ያ ትናንትም ዛሬም የሕሊና ሥራ ነው። በዓሉን ከቤቱ ርቆ በሰው ማደሪያ የሚውል ሁሉ በደኅና ገብቶ፣ በደኅና ከፍሎ፣ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለስ።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የበረከት ይሁንልን!