ቺካዲ፦ ብርዱን የማትሸሽ የጓሮ ወፍ

በሚኒሶታ ጓሮውን የሚያለማ ሰው ጥቅምት ላይ ማሳውን ይሰናበታል። ቲማቲሙንና ቃሪያውን ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠወልጋቸዋል። ጤና አዳሙ ከነዕቃው ወደ ቤት ይገባል፤ በሐምሌ የሚነቀለው ነጭ ሽንኩርት ተተክሎ ገለባ ይለብሳል። ጎመኑ ብቻ ጥቂት ሳምንታት ይታገሣል፤ እንዲያውም ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የቃሪያ ችግኝ ወደ ውጭ የሚወጣውም በግንቦት መጨረሻ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህን የዓመት ዑደት ያውቁታል፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ጓሮ ለለመደ ሰው ደግሞ ጊዜው ረጅም ነው። ጓሮው ግን ባዶ አይሆንም። ቅጠሉ ሲረግፍ፣ በበጋ በጥላው ውስጥ ተሸፍና የከረመችው ወፍ ፊት ለፊት ትታያለች።

ጥቁር ቆብ ቺካዲ ትባላለች። አናቷና ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ፣ ጀርባዋ አመድማ፣ ጎኗ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ክብደቷ ከ9 እስከ 14 ግራም ቢሆን ነው። ከአላስካ እስከ ካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በአሜሪካም ሰሜናዊ ክፍል ትኖራለች። የሜይንና የማሳቹሴትስ ግዛቶች መለያ ወፋቸው አድርገው መርጠዋታል፤ ሜይን በ1927፣ ማሳቹሴትስ በ1941። ዘመዶቿ በብዙ አገር አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ፣ መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ነጭ የሆነው ወፍ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኝም።

ብዙዎቹ የበጋ ወፎች ወደ ደቡብ ሲሄዱ ቺካዲ እዚያው ትቀራለች። በጥር ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱ ብርቅ አይደለም፤ አንዳንዴም አልፎ ይሄዳል። ይህን የምትወጣበት መንገድ የሚያስደንቅ ነው። ሲመሽ የዛፍ ሽንቁር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ትፈልግና ላባዋን ነፍታ ትሸጎጣለች። ቀን 42 ዲግሪ ገደማ የሆነውን የሰውነቷን ሙቀት በብርቱ ብርድ ሌሊት ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ ታወርደዋለች፤ ስብዋን የምትቆጥበው በዚህ ነው። ከዚያ በታች እንዳይወርድባት ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ታድራለች። ንጋት ላይ ስንቋ ሊያልቅ ደርሷል። ስለዚህ በማለዳና ከመምሸቱ በፊት እህል ወደተሰቀለበት መመገቢያ ተሻምታ ስትመጣ ብናይ፣ ያንን ሌሊት የምትከፍለው ከዚህ ነው።

መመገቢያው አጠገብ ቆሞ ማየት ደግሞ የራሱ ደስታ አለው። እንደ ድንቢጥ ተቀምጣ አትለቅምም። ትመጣለች፣ አንድ የሱፍ አበባ ፍሬ ታነሣለች፣ ወዲያው ትሄዳለች። በአቅራቢያው ቅርንጫፍ ላይ ፍሬውን በሁለት እግሯ መካከል ጨብጣ ቅርፊቱ እስኪከፈት በምንቃሯ ትቀጠቅጠዋለች። ሁሉንም ግን አትበላም፤ ገሚሱን ለክፉ ቀን ትሸሽጋለች፤ አንዱን ከተላጠ ቅርፊት ሥር፣ ሌላውን ከደረቀ ቅጠል ጥቅልል ውስጥ። አንድ ቦታ አታከማችም፤ እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ መደበቂያ አለው። ቦታውንም ለሳምንታት ታስታውሳለች። በአንጎሏ ውስጥ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በተለይ ያደገ ነው። በ2002 የወጣ ጥናት የአላስካና የኮሎራዶ ቺካዲዎችን አወዳድሮ ነበር፤ ብርዱ የሚበረታባቸው የአላስካዎቹ ብዙ ይሸሽጋሉ፣ አጥርተው ያገኛሉ፣ ሂፖካምፐሳቸውም ትልቅ ነው።

ጥሪዋንም ልብ ብሎ መስማት ነው። «ቺካ-ዲ-ዲ-ዲ» ትላለች፤ የ«ዲ»ው ብዛት ግን ትርጉም አለው። በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጠላት ይበልጥ አደገኛ ሲሆን «ዲ»ው ይበዛል። የሚያስገርመው ትልቁ ጉጉት ብዙ አለማስጮሁ ነው፤ ቺካዲን በቅልጥፍና ሊይዝ የሚችለው ትንሹ ጉጉት ነው የሚያስጮሃት። ሌሎች ወፎችም ይህን ይሰማሉ፣ ያምኑታልም። ጓሮ ውስጥ «ዲ»ው ድንገት ሲረዝም ቀና ብሎ ዛፉን ማየት አይከፋም።

ሰው የሚሰጣት እህል ይጠቅማታል? በዊስኮንሲን የተደረገ ጥናት መልስ አለው፦ እህል ከሚሰቀልላቸው ቺካዲዎች 69 በመቶው ክረምቱን አልፈዋል፤ ከማይሰቀልላቸው ግን 37 በመቶው ብቻ። ልዩነቱን የፈጠሩት እጅግ የበረቱት የብርድ ቀናት ናቸው። እነዚያው ተመራማሪዎች ለዓመታት የለመዱትን መመገቢያ ሲያነሱባቸውም ወፎቹ በሕይወት መቆየት አላቃታቸውም፤ ከዱር የሚለቅሙትን አልረሱምና። ጉዞ ለመሄድ የሚፈራ ባለ ጓሮ በዚህ ይጽናና። መመገቢያውን በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ ግን አይታለፍም፤ ቆሻሻው በሽታ ያዛምታል። ከመስኮት መስተዋትም ወይ ከአንድ ሜትር ሳይርቅ፣ ወይ ከ10 ሜትር በላይ ርቆ ቢሰቀል ይሻላል፤ መሐል ላይ ሲሆን ወፏ በፍጥነት በርራ መስተዋቱን ትመታለች።

ለእኔ ከተገዛ እህል የሚበልጠው ግን የተተከለ ዛፍ ነው። ቺካዲ ጫጩቶቿን የምታሳድገው በአባጨጓሬ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በሺዎች የሚቆጠሩ አባጨጓሬዎች ይፈጃል። አባጨጓሬ ደግሞ የሚበዛው እንደ ኦክ፣ እንደ በርችና እንደ ዱር ቼሪ ባሉ የአገሩ ዛፎች ላይ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ጓሮዎች በቅርብ ዘመዷ በካሮላይና ቺካዲ ላይ ተደርጎ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ከተክሉ ቢያንስ 70 በመቶው የአገሩ ካልሆነ ወፏ ራሷን ተክታ መቀጠል እንደማትችል አሳይቷል። ከውጭ መጥቶ ለጌጥ የተተከለ ዛፍ ቢያምርም ለጫጩት ባዶ ገበታ ነው። ትል የበላውን ቅጠል አይቶ ወደ መርጫ መድኃኒት የሚሮጥ ሰው የጫጩቶቿን ምግብ እያጠፋ መሆኑን ይወቅ። በጥቅምት የአበባውን አገዳ አለማጨድም ትልቅ ውለታ ነው፤ ዘሩ ለወፍ ይቀራል፣ በአገዳው ውስጥ የሚከርሙ ነፍሳትም ይተርፋሉ።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ በጥር መጨረሻ አካባቢ፣ ወንዱ ሁለት ድምፅ ያላት ጥርት ያለች ዜማ ይጀምራል፤ የመጀመሪያዋ ከፍ፣ ሁለተኛዋ ዝቅ ትላለች። የቃሪያ ዘር ቤት ውስጥ የሚዘራበት ጊዜም ብዙ አይቆይም። በሚያዝያ ጥንዶቹ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ጎጆ ይቦረቡራሉ፤ ስለዚህ አደጋ የማያመጣ ደረቅ ግንድ ካለ ቆሞ ይቆይ። ከሌለ፣ መግቢያው 28 ሚሊ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን በሁለት ሜትር ከፍታ ሰቅሎ ጥቂት የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጡ መጨመር ይበቃል። በዚያ ስፋት የቤት ድንቢጥ አትገባም፤ ቺካዲ ግን ትገባለች።