አዲስ ድምፅ ማጉያ ሲሠራ «ይፈታል» ወይ?

ወረታ ገበያ የገዛነው አዲስ ድምፅ ማጉያ ጎርናና ቢሆንብን፣ ነጋዴው «ሲሠራ ይፈታል፤ ታገሡ» አለን። ሦስት ሳምንት ታገሥን። ነገሩ ምንድር ነው? አየሩን የሚገፋው ሾጣጣ ወረቀት በዙሪያው ባለው ጎማና ከኋላው ባለው ጨርቅ ተይዟል፤ ሁለቱም ሲሠሩ ጥቂት ይለሰልሳሉና ሾጣጣው በራሱ የሚርገበገብበት ፍጥነት በመጠኑ ዝቅ ይላል። ይህም አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያልቃል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ደግሞ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ስለሚመልሰው ልዩነቱ ከጆሮ አይደርስም ማለት ይቻላል። የሚለምደው ጆሯችን ነው! ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ በሚያጥለቀልቁበት ክረምት ግን የከበሮ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ሲላላ፣ እሳት ዳር ሞቆ ሲወጠር ሕፃን እንኳ ይለየዋል። የእኛው ማጉያ እንደ ጎረነነ ነው፤ የመመለሻውም ቀን አልፏል።