ጀርባው ክፍትና ጀርባው ዝግ የጆሮ ማዳመጫ

በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ድምፅ የሚፈጥረው ስስ ገበታ ሲርገበገብ ከፊቱም ከጀርባውም ድምፅ ያወጣል። የፊቱ ጆሮ ይገባል። የክፍትና የዝግ ልዩነት የሚመጣው ከጀርባው ነው፤ ክፍቱ በጀርባው ባለ ወንፊት በኩል ወደ ውጭ ይለቀዋል፣ ዝጉ ያፍነዋል። የታፈነው ድምፅ ከሽፋኑ ጋር እየተጋጨ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይቀላቀላል። የውድ ዝግ ማዳመጫ ሠሪዎች ብዙ የሚደክሙት ይህን ተመላሽ ለመዋጥ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሳካላቸውም።

የፈረንሳዩ ኩባንያ ፎካል እ.ኤ.አ. በ2016 ክፍቱን ዩቶፒያን፣ በ2019 ደግሞ ዝጉን ስቴሊያን አወጣ። የሁለቱም ገበታ ከቤሪሊየም የተሠራ ነው። ሆኖም ዩቶፒያ ሰፊና አየር ያለው ድምፅ ሲሰጥ፣ ስቴሊያ ጠጋ ያለና በወፍራሙ ድምፅ የከበደ ነው።

ልዩነቱን በገና ያጋልጠዋል። በዐሥሩ አውታርና በብርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ ለወፍራሙ ድምፅ የሚነዝር ጠርዝ ይሰጠዋል። የበገና ደርዳሪው የዓለሙ አጋ በገና በክፍት ማዳመጫ ሲደመጥ ያ ጠርዝ ከድምፃዊው ተለይቶ ይሰማል፤ በመካከለኛ ዝግ ማዳመጫ ግን ሁለቱ ይደፈርሳሉ። በአንጻሩ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የተቀዱት ዘፈኖች በጠባቡ የተቀረጹ ስለሆኑ፣ ክፍቱ ስፋት ሊጨምርላቸው አይችልም። ቴፑ ላይ የሌለውን ከየት ያመጣዋል?

በሞያሌ አካባቢ ባለው የቦረና ምድር ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ግን ምርጫው ሌላ ነው። የቦረና ወጣቶች በጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ተደርድረው፣ ውኃ ወደ ላይ እየተቀባበሉ የሚያዜሙትን ዜማ ለመቅዳት ዝግ ማዳመጫ ግድ ነው። ክፍት ያደረገ ድምፅ ቀጂ ከማይክሮፎኑ የመጣለትንና በአየር የሚሰማውን ዜማ መለየት አይችልም፤ ከጆሮው የሚያፈተልከው ድምፅም ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል። ንፋሱም በወንፊቱ ያልፋል። የተቀዳውን በጸጥተኛ ክፍል ለማደባለቅ ግን ክፍቱ ይበልጣል፤ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዚህ ሥራ ይታወቃል። 300 ኦም ስለሆነ ግን ስልክ በወጉ አያነቃውም፣ ማጉያ ይፈልጋል።

ዝጉም ቢሆን ሁሉን አያግድም። የንግግርንና የፉጨትን ዓይነት ድምፅ በደንብ ይቀንሳል፤ የጄኔሬተር ጉምጉምታ ግን ያልፋል። በጫጫታ ቦታ ክፍቱን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጆሮ እንዳይጎዳ ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው።

የዝጉ ወፍራም ድምፅ የሚቆመው ትራሱ ጆሮ ዙሪያ በደንብ ሲገጥም ብቻ ነው። ሹሩባ፣ መነጽር ወይም ያረጀ ትራስ ክፍተት ከፈጠረ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ ስለዚህ ማዳመጫውን ከመውቀስ በፊት ትራሱን ማየት ይቀድማል።