በትንፋሿ ጀልባ የምትመራው ናታሻ

ለስላሳ የምንጠጣበት ስትሮ በየቤታችን አለ። አንዱን ከንፈርዎ መሐል ያድርጉና እፍ ይበሉ፤ ከዚያ ሳብ ያድርጉ። ናታሻ ላምበርት የተባለችው እንግሊዛዊት ባለ ሸራ ጀልባዋን የምትመራው በዚህ ነው። እጇ አይታዘዝላትም፤ እግሯም እንዲሁ። ንግግሯንም የማያውቃት ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ትንፋሿና ምላሷ ግን ያዘዘቻቸውን ይፈጽማሉ።

ናታሻ ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ፊት ለፊት ከምትገኘው የዋይት ደሴት ናት። በደሴቷ ላይ ያለችው የካውስ ከተማ ከ1826 ጀምሮ የጀልባ ውድድር ሳምንት የሚካሄድባት ስለሆነች (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ እዚያ ሸራና ውሃ እያዩ ማደግ ብርቅ አይደለም። ናታሻ ያለባት ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ነው። ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ፣ በወሊድ ሰዓት ወይም ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ አንጎሉ ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። የእሷ ዓይነቱ ጡንቻ ያልታዘዘውን እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ብርጭቆ ለማንሳት የተዘረጋው እጅ ወደ ሌላ ይሄዳል። እርግማን አይደለም፣ አይጋባምም። ልጁ መናገር ስላቃተው ብቻ “አይገባውም” ማለት ደግሞ በየሰፈራችን የሚሠራ ትልቅ ስሕተት ነው።

በልጅነቷ ጀልባ ላይ ወጥታ ከወደደችው በኋላ መሣሪያውን የሠሩላት አባቷ ናቸው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ትንፋሹ በቀጭን ቱቦ አልፎ የአየር ግፊት ወደሚለካ ሣጥን ይደርሳል፤ ሣጥኑ ሞተር ያዛል፤ ሞተሩ የጀልባዋን መሪ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ጎን ያዞራል፣ ሸራውንም ይወጥራል ወይም ያላላል። ሲሠራ ግን ቀላል አይደለም። ጨው ውሃ የኤሌክትሪክ ጠላት ነው፤ ባሕር ላይ ሞገዱ ሲያነጥርዎት ደግሞ ቱቦው ከአፍ መውጣት የለበትም።

ከእሷ በፊት በዚህ ዘዴ ዝነኛ የሆኑት እንግሊዛዊቷ ሂላሪ ሊስተር ነበሩ። በሕመም ምክንያት ከአንገታቸው በታች መንቀሳቀስ የተሳናቸው እኚህ ሴት በ2005 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ብቻቸውን ተሻገሩ፤ በ2009 ደግሞ የብሪታንያን ዙሪያ ዞረው ጨረሱ። በ2018 አርፈዋል። መጀመሪያ ጀልባ የሞከሩት በውቅያኖስ ሳይሆን በአንድ ሐይቅ ላይ ነበር፤ ይህን ያነሳሁት ቢሾፍቱንና ሐዋሳን የምታውቁ ልብ እንድትሉት ነው።

ናታሻ በ2012 የተወለደችበትን ደሴት ዞረች፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግረውን ባሕር አቋረጠች። በ2014 ከደሴቷ ተነስታ ዌልስ ድረስ በጀልባ ከሄደች በኋላ በልዩ መደገፊያ ታግዛ 886 ሜትር ከፍታ ያለውን የፔን ይ ፋን ተራራ ወጣች። ለኛ ለእንጦጦ ሰዎች ጉብታ ሊመስል ይችላል፤ እግሯ ለማይታዘዝላት ሴት ግን እያንዳንዱ እርምጃ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ከወላጆቿና ከእህቷ ጋር ሆና ከካናሪ ደሴቶች ተነስታ አትላንቲክን ተሻግራ ካሪቢያን ገባች።

“ቆራጥነት ሁሉን ያሸንፋል” ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን እውነቱን አይደለም። ከቆራጥነቷ ጎን መሣሪያ መሥራት የሚችሉ አባት፣ አብረው የሚጓዙ ሰዎች፣ ጀልባ የሚገዛ ገንዘብና የረጂዎች ድጋፍ አሉ። ይህ ሁሉ የሌለው ቤተሰብ ልጁ ጀልባ ስላልነዳ ያፍር ማለት አይገባም።

የእንዲህ ያለች መርከበኛ ሳምንት ደግሞ ባሕር ላይ አያልቅም። ነፋስ ባለበት ቀን ልምምድ አለ፤ በሌላው ቀን እንግዳ መቀበል፣ ጓደኛ ማግኘት፣ ስለ ጉዞዋ ለሰዎች ንግግር ማድረግ አለ። ለእኔ ከባሕሩ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ናታሻ የምትናገረው በዓይኗ ነው። ከፊቷ ያለው ኮምፒውተር ዓይኗን በካሜራ ይከተላል፤ ትኩር ብላ ያየችውን ፊደል ወይም ቃል ይመርጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲሞላ በድምፅ ያነበዋል። እንዲህ የሚናገር ሰው ንግግሩን አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ ይችላል። ችግሩ ያለው ጥያቄ ሲነሳ ነው። አንድ መልስ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ አዳራሹም ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት።

እኛ ዝምታ አንወድም። ልጁን ትተን እናቱን “ስሙ ማነው? ይበላል?” እንላለን፤ እናትም ለመገላገል ትመልሳለች። ጥያቄውን ለልጁ ለራሱ ማቅረብ፣ የጀመረውን ቃል አለመጨረስ፣ ሳይፈቅድ ስክሪኑን በትከሻው በኩል አለማንበብ፤ መሣሪያው ባለበት አገር ሁሉ ለዘመድ አዝማድ የሚነገረው ይህ ነው።

መሣሪያው ውድ ነው፤ በአማርኛ የሚናገረውን ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነገር ግን ካርቶንና ማርከር ካለ፣ ፊደል ለለየ ልጅ ቤት ውስጥ የሚሠራ ዘዴ አለ። የፊደል ገበታችን ለዚህ የተመቸ ነው። ሠላሳ ሦስቱን የግዕዝ ፊደሎች በሰፊ ካርቶን ላይ አራርቀው ይጻፉ፤ በሌላ ካርቶን ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 7 ያሉትን ቁጥሮች። ልጁ መጀመሪያ የፊደሉን ቤት በዓይኑ ያሳያል፣ ቀጥሎ ስንተኛው እንደሆነ። ዓይኑ የት እንዳረፈ ካልለዩ ረድፉን በጣትዎ እየጠቆሙ ይጠይቁት፤ ሲደርሱ ዓይኑን ይጨፍን ወይም ፈገግ ይበል። ቤት ውስጥ የማይቸኩል ሰው ካለ፣ ብዙ ጊዜ አያት ናቸውና፣ ገበታውን እሳቸው ይያዙት። “እናት” ለማለት ስድስት ጊዜ ማየት ይጠይቃል፤ “ውሃ” ለማለት አራት ጊዜ ይበቃል፤ ወ እና 6፣ ሀ እና 4።