ስለ ፀሐይ ኃይል መለወጫና ደጋግሞ ስለሚወድቅ ብሬከር

ከዋናው የኤሌክትሪክ መሥመር በራቁ ወረዳዎች፣ መሥመሩም ደርሶ መብራቱ ቶሎ ቶሎ በሚቋረጥባቸው ቀበሌዎች፣ በጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ማኖር የተለመደ ሥራ ሆኗል። ሰሌዳው የሚሰጠው ኃይል ባንድ ወገን ብቻ የሚፈስስ ስለ ሆነ፣ ለቤት ዕቃ እንዲስማማ ወደ 220 ቮልት ተመላላሽ ኃይል የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ ነው። በዚሁ ኃይል ቤት ይበራል፤ ውሃ ከጕድጓድ ይሳባል፤ በእንስሳት ጤና ኬላም የከብት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቃል። እንግዲህ ኢንቨርተር በገባበት ቤት ብሬከሩ በየጊዜው እየወደቀ ኃይሉን ሲያቋርጥ ጉዳቱ የመብራት ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ሳይታወቅ የሞቀ ክትባት በማግሥቱ ቢወጋ ከብቱን ላያድን ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ከብቴ ተከትቧል ብሎ ተማምኖ ይቀመጣል።

በዚህ ጕዳይ ከሁሉ የሚከፋው ልማድ የሚወድቀውን ብሬከር እንደ ጥፋተኛ ቈጥሮ በሚበልጥ መለወጥ፣ ወይም ሽቦውን በጎን አገናኝቶ እርሱን ማለፍ ነው። ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ለሆነ ሽቦ የተተከለው የ16 አምፔር ብሬከር ተነሥቶ የ40 ቢተካ መውደቁ በርግጥ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ግን በግድግዳው ውስጥ የሚግለው ሽቦው ራሱ ነው። ብሬከር ዘበኛ እንደ መሆኑ፣ ዘበኛው ስለ ጮኸ ዘበኛውን ማሰናበት ሌባውን አያስይዝም።

ስለዚህ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የትኛው እንደ ወደቀና መቼ እንደ ወደቀ ነው። ብሬከሮቹ ሁሉ ሳይወድቁ ኢንቨርተሩ ብቻውን የስሕተት ቍጥር አሳይቶ ቢቆም፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጭነት ብዛት ነው። የ3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ዘወትር የሚሸከመው ከ14 አምፔር አይበልጥም፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተርም ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ምጣዱን ከዚህ መሥመር ማውጣትና ለሞተሩ በዝግታ የሚያስነሣ መሣሪያ ማግባት ይበቃል።

ተራው ብሬከር በቀትር፣ ፀሐዩ በበረታ ጊዜ የሚወድቅ እንደ ሆነ፣ ሙቀትን መጠርጠር ይገባል። የቤት ብሬከር ልኩ የሚመደበው በ30 ዲግሪ ሙቀት ነውና፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ከተጻፈበት ባነሰ ጭነት ይወድቃል። የላላ ብሎንም እንዲሁ ያሞቀዋል።

ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ግን የሌላው ዓይነት ማቋረጫ፣ አር ሲ ዲ የሚባለው ነው። ይህ የጭነቱን ብዛት አይመለከትም፤ በጎተራ በር ቆሞ የወጣውንና የገባውን እህል እንደሚያስተያይ ጸሐፊ፣ በአንዱ ሽቦ የሄደው ኃይል በሌላው ተመልሶ እንደ ሆነ ብቻ ይቈጥራል። የጐደለው 30 ሚሊ አምፔር ሳይደርስ ወይም በደረሰ ጊዜ ኃይሉን ይቈርጣል፤ የጐደለው በሰው ገላ አልፎ ወደ መሬት ሊሆን ይችላልና። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የውሃ ሞተር የሚነካ ሰው ሕይወቱ የተጠበቀችው በዚህ ቈጠራ ነው።

ኢንቨርተር ከገባ በኋላ ይህ ማቋረጫ ወዲያውኑ መውደቅ የጀመረ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ በፊት ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ይታይ። ሠራተኛው ቤቱን ለሁለት ከፍሎ ጥቂቱን ክፍል ወደ ኢንቨርተር ሲያዛውር፣ ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ አዛውሮ የመመለሻውን በቀድሞ ቦታው ከሌሎቹ ጋራ ታስሮ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ኃይሉ ባንድ በር ወጥቶ በሌላ በር ይመለሳል፤ ምንም ሳይጠፋ ቈጣሪው ጐደለ ይላል። ምልክቱም አንዲት አምፖል እንደ በራች መውደቁ ነው። ለእያንዳንዱ ወገን የራሱን የመመለሻ ሽቦ መለየት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ማቋረጫው የሚወድቀው ዋናው መብራት ሲጠፋ ወይም ሲመለስ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ የመመለሻውና የመሬቱ ሽቦ በሁለት ስፍራ ተገናኝተው እንዳይሆኑ ይመርመር። አንዳንዱ ኢንቨርተር ዋናው ኃይል ሲቋረጥ ሁለቱን በውስጡ ራሱ ያገናኛቸዋልና፣ በቤቱ ሣጥን ሌላ መገናኛ ካለ ቈጠራው ይዛባል።

ጧት ጤዛ ሳይደርቅ፣ ወይም በክረምት ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚመጣ ጥፋት ምንጩ በጣራው ላይ ነው። አይጥ የላጠው፣ ከቆርቆሮ ጠርዝ ጋራ እየተፋተገ የተበላ ሽቦ፣ በሚገባ ያልተጋጠመ ማገናኛ፣ ውሃ ሲያገኝ ኃይሉን ወደ መሬት ያፈስሳል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቅና ጥፋቱ የተሰወረ ይመስላል። በመብረቅ የተጐዳ የመብረቅ መከላከያም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን የሚያሳየው ሜገር የሚባለው መለኪያ ነው፤ የሰሌዳዎቹ ኃይል ከ120 እስከ 500 ቮልት በሆነ ጊዜ በ500 ቮልት ተለክቶ ከ1 ሜጋ ኦም ያነሰ ቢገኝ ሽቦው ተበላሽቷል ማለት ነው። መለኪያው የሚያዘው በጧት፣ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ በቀትር የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል።

ሽቦው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ችግሩ የቀጠለ እንደ ሆነ፣ የማቋረጫው ዓይነት ይታይ። ኤ ሲ የሚባለው ዓይነት ለተመላላሽ ኃይል ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ትራንስፎርመር ከሌለው ኢንቨርተር የሚያመልጠው ባንድ ወገን ፈሳሽ ኃይል ሊያደነዝዘው ይችላል፤ ይህም አለጊዜው ከመውደቅ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ የሚያስፈልግ ቀን አይወድቅምና። የኤ ዓይነት እስከ 6 ሚሊ አምፔር ያህል እንዲህ ያለውን ይታገሣል፤ ከዚያ በላይ ለሚያመልጥ የቢ ዓይነት ያስፈልጋል። የትኛው እንደሚገባ በኢንቨርተሩ መመሪያ ተጽፎ ይገኛል።

ምርመራው በዕውር ድፍረት የሚደረግ አይደለም። ሰሌዳው ብርሃን እስካለ ድረስ ኃይል ይሰጣል፤ ዋናው ማብሪያ ቢጠፋም በሰሌዳው ሽቦ ያለው ኃይል አይጠፋም። መጀመሪያ የቤቱ ወገን፣ ቀጥሎ የሰሌዳው ወገን ይዘጋል፤ በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃም ሳያልፍ ክዳኑ አይከፈትም። የሰሌዳውን ማገናኛ ጭነት ሳለበት መንቀል እጅግ አደገኛ ነው፤ ተመላላሹ ኃይል በሰኮንድ 100 ጊዜ ባዶ ስለሚሆን ብልጭታው ይሞታል፤ ባንድ ወገን የሚፈስሰው ግን ባዶ አይሆንምና እሳቱ ሳይቋረጥ ይነዳል።

በወረዳው ገንዘብ ወይም በእርሻ ባለቤት ወጪ ኢንቨርተር ሲተከል፣ ሥራውን የሚረከበው ሹም የሽቦውን ሥዕልና በሜገር የተገኘውን ቍጥር በጽሑፍ ይቀበል፤ የክትባቱም ማቀዝቀዣ ከውሃ ሞተሩ ጋራ ሳይቀላቀል የራሱ መሥመርና የራሱ ማቋረጫ ይደረግለት። በሣጥኑ አጠገብ ደብተር ተሰቅሎ ብሬከሩ የወደቀበት ቀን፣ ሰዓት፣ ዝናብ መኖሩና በዚያች ሰዓት ምን ይሠራ እንደ ነበረ ይጻፍበት።