ከአያት እስከ ለገሃር፣ ከልጅ ልጅ ጋር

እኔ ግምጃ ቤት ባደግኩበት ዘመን «ባቡር» ማለት የእህል ወፍጮ ነበር። እናቴ «ባቡር ቤት ሂጂ» ካለችኝ ጤፉን አዝዬ ወረፋ ልይዝ መሄዴ ነው። በሐዲድ የሚሄደውን ባቡር ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል በቀር አላውቀውም። በእኛ አገር ሩቅ መንገድ በእግር ይኬዳል፣ ያለው ደግሞ በፈረስ ይሄዳል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ፈረስ ለአዊ ሰው ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ስለዚህ ጡረታ ወጥቼ የልጅ ልጆቼን ልጠብቅ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ ልጄ «እማዬ፣ አይዞሽ፣ ባቡሩ ከቤታችን አጠገብ ነው» ስትለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ጤፍ ማስፈጨቱን ነበር።

ልጄ የምትኖረው አያት ሰፈር ነው። ይህ ስም ለስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ የማያልቅ ቀልድ ሆኖለታል። «አያቴ ከአያት ልትሳፈር ነው» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራል። አያት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቁ ጫፍ ነው። ከዚያ የሚነሳው አረንጓዴው መስመር በመሪ፣ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በኡራኤል አድርጎ ወደ መሐል ከተማ ይገባና በስታዲየም፣ በለገሃርና በሜክሲኮ አልፎ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ርዝመቱ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ነው። ሰማያዊው መስመር ደግሞ ከቃሊቲ ተነስቶ በሳሪስ በኩል መጥቶ ስታዲየም ላይ ከአረንጓዴው ጋር ይገናኛል። እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ሄደው ይለያዩና ሰማያዊው ወደ አውቶቡስ ተራና ወደ ጎጃም በረንዳ ይወጣል። ጎጃም በረንዳ የሚል ጣቢያ እንዳለ ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ያለ ጉዳዬ ሄጄ አይቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ግን ወደ ለገሃር ነበር። እኔ በዚያ አካባቢ ሕክምና ክትትል አለኝ፤ ልጁ ደግሞ አንበሳውን ማየት ፈልጓል።

ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ጣቢያው» ማለት ነው። ስለዚህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል ጣቢያውን ሁለት ጊዜ እየጠራነው ነው። ነገሩ የጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የባቡሩን ውል በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ አሁን ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ ነው። ከዚያ ወዲያ በገንዘብና በውል ጭቅጭቅ ዓመታት አለፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ምኒልክ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ያን ሁሉ ደክመው ያስጀመሩትን ሳያዩት ቀሩ። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

አሁን ቆሞ የምናየው የድንጋዩ ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። ከፊቱ ያለው የሞዓ አንበሳ ሐውልት ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሲቃረብ የቆመ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አንበሳውን ነቅሎ ሮም ወሰደውና እዚያም በባቡር ጣቢያ አጠገብ አቆመው። ዘርዓይ ደረስ በሮም አደባባይ ጎራዴውን የመዘዘው ይህንኑ አንበሳ አይቶ ነው። ሐውልቱ በንጉሡ ዘመን ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አያቴ፣ ሲመለስ በባቡር ነው የመጣው?»

አሮጌው ባቡር አሁን ከለገሃር አይነሳም። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ጣቢያው ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ሆኗል። ለገሃር የቀረላት የከተማው ቀላል ባቡር ነው። እሱም ግንባታው በ2004 ዓ.ም. በቻይና ድርጅትና በአብዛኛው በቻይና ብድር ተጀምሮ የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የእኛው የአያት መስመር ጥቅምት ማብቂያ ላይ ተከተለ። ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለጡረተኛና ለቀን ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 41 ባቡሮች ይዞ ተነስቶ በኋላ ግን በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ቆሙ። ሰው ጣቢያ ላይ የሚጠብቀውም፣ ውስጥ ገብቶ የሚጨናነቀውም በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አንድ ቀን የደረሰብኝን ልነግራችሁ ነው። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

ከለገሃር ስንመለስ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሠራተኛውም ተማሪውም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሰዓት ነው። በር አጠገብ ቆመናል፣ እጁን ይዤዋለሁ። መሐል ላይ ካሉት ጣቢያዎች በአንዱ ብዙ ሰው ሲወርድ መንገድ ልልቀቅ ብዬ አንድ እግሬን ወደ ውጭ አወጣሁ። ሰው ገፋኝ፣ ሁለተኛውም እግሬ ወጣ፣ የልጁ እጅ ከእጄ ሾለከ። ዘወር ስል በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ፊቱን አየሁት፤ አላለቀሰም፣ ገርሞት ነበር የሚያየኝ። ባቡሩ ሄደ።

ሠላሳ ዓመት የደነገጡ እናቶችን «እህቴ፣ ተረጋጊ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» ስል የኖርኩ ነርስ ነኝ። ያን ቀን አንዱም አልታወሰኝም። በሐዲዱ ዳር ወደ ባቡሩ ልሮጥ ስል አንድ ወጣት ክንዴን ያዘኝና «እማማ፣ አይሩጡ፣ የሚቀጥለውን ይሳፈሩና ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ላይ ይውረዱ» አለኝ። የሚቀጥለው እስኪመጣ ያለፈውን ጊዜ በሰዓት አልለካሁትም፤ ለእኔ ግን ከግምጃ ቤት አዲስ አበባ ድረስ ካለው መንገድ ይረዝም ነበር። ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ስደርስ ልጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። አጠገቡ ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማለች። «እማማ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው ብለው አያቴን አለኝ፤ እኔም ጥዬው መሄድ አልቻልኩም» አለችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ባቡሯ መጣና ሄደች። ለልጄ ይህን የነገርኳት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አልተቆጣችኝም፤ ዝም ብላ ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ በልጁ ጃኬት የውስጥ ኪስ ሰፋችው።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ሳንወጣ እናጠናለን። እኔ ወርጄ እሱ ከቀረ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ላይ ወርዶ ከወረደበት ቦታ ሳይነቃነቅ ይጠብቀኛል። እሱ ወርዶ እኔ ከቀረሁ ደግሞ እዚያው ይቆማል፤ ተመልሼ የምመጣው እኔ ነኝ። ልጅ ይዛችሁ የምትሳፈሩ አያቶች ይህን ከልጁ ጋር በቃል አጥኑት። እርዳታ ሲያስፈልገው የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ወይም ልጅ የያዘች እናት እንዲጠይቅም ንገሩት። ስትወርዱ ልጁ ይቅደም፣ ስትሳፈሩም ልጁ ይቅደም፤ እጁን ሳይሆን የእጁን አንጓ ያዙ። መዳፍ ያልባል፣ ይሾልካል።

ስለ ራሳችንም ጥቂት ልበል። አያት ላይ መሳፈሪያው መሬት ላይ ነው፤ ለገሃር ግን ባቡሩ በድልድይ ላይ ስለሚያልፍ ደረጃ አለ። ጉልበት የሚያማችሁ ስትወጡ ደኅናውን እግር አስቀድሙ፣ ስትወርዱ የሚያመውን አስቀድሙ፣ የደረጃውን መደገፊያ አትልቀቁ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከወንበር ድንገት ብድግ አትበሉ፤ ማዞር ያመጣል። ጣቢያችሁ ሳይደርስ ቀስ ብላችሁ ተነሱና ብረቱን ይዛችሁ ቁሙ። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ጠዋት የታዘዘላችሁም የመንገድ ቀን ሰዓቱን እንዴት ማድረግ እንደሚሻል ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት። ብዙ እናቶች መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ብለው እንደሚተዉት ከሥራዬ አውቃለሁ። ስኳር ያለባችሁ ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ፤ ባቡሩ ሊዘገይ ይችላል። ከቻላችሁ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። ጠዋትና ማታ የሠራተኛው ሰዓት ነው፣ ለእነሱ እንተውላቸው።

ወጣቶቹ ወንበር አይለቁም የሚባለው እኔ ላይ አልደረሰም። ግን ወንበሩ ሲለቀቅልን ምርቃቱን እንዳናበዛው፤ አንዷ የምርቃቴን ማብቂያ ስትጠብቅ መውረጃዋ አልፏታል።

ባለፈው ክረምት ልጁን ይዤ ግምጃ ቤት ሄጄ ነበር። ከወንድሜ የልጅ ልጆች ጋር በረንዳው ላይ አግዳሚዎቹን ደርድረው ባቡር ይጫወታሉ። እሱ ነጂ ነው። አንዷ ትንሽ ልጅ ከአግዳሚው ስትወርድ ጨዋታውን አስቁሞ «እዚያው ቁሚ! አትነቃነቂ! አያቴ ትመጣለች» ሲላት ሰማሁት። እኔም ቡናውን ትቼ ላመጣት ተነሳሁ።