ከፎገራ የወጣው ዝማሜ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ ስለ ሩዙ፣ ስለ ፎገራ ከብት፣ ክረምት ሲገባ ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት ስለ ርብና ስለ ጉማራ ወንዞች ይሰማል። ጨዋታው ሲደራ ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐና ስም ይነሣል። በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት እኒህ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ በቀልዳቸው አገር ያውቃቸዋል። ትልቁ ሥራቸው ግን በቀልዱ ተጋርዶ ቀርቷል። አለቃ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ ዛሬ «ተክሌ» የሚባለው የአቋቋም ስልትም የእርሳቸው እንደሆነ ይነገራል።

አቋቋም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማን ከሰውነት እንቅስቃሴ፣ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አስማምቶ የማቅረብ ትምህርት ነው። መሠረቱ በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሲሆን፣ ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል። የዜማ ትምህርት ብዙ ዘርፍ አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ አገልግሎት አለው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ይሸፍናል፤ ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ነው፤ ዝማሬ ከቍርባን በኋላ ይዜማል፤ መዋሥዕት ለሙታን ጸሎት ይደርሳል። ማስመስከሪያ ቤቶቹም የተለያዩ ናቸው። ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ ይመሰከራል፤ ሁለቱም የሚገኙት በደቡብ ጎንደር ነው። ለአቋቋም ደግሞ የጎንደር በአታ ስመ ጥር ነው።

ተማሪው አቋቋም ቤት ሲገባ አንዱን ቃል በተለያየ መልክ ማቅረብን ይማራል። መጀመሪያው ቁም ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም ሳይነካ ዜማው በድምፅ ብቻ ይባላል። እዚህ ላይ ቃሉና ዜማው ይጠራሉ፤ ያልጠራ ዜማ ከበሮ ሲጨመርበት ስሕተቱ ይብሳል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሰውነትም አብሮት ያዘነብላል። ዝማሜ ትንፋሽንና እርምጃን ከዜማው ጋር ያስማማል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ገብተው ምቱ በዝግታ ይጀምርና እየጠነከረ ይሄዳል። ጽፋት ፈጣኑ ነው፤ ጭብጨባው ይደምቃል፤ የበዓሉ ደስታም ይገለጣል። ወረብ ደግሞ ለክብረ በዓል ተመርጦ፣ በረጋ ዜማና በተለካ እርምጃ ይቀርባል፤ ጥምቀትን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

መሣሪያዎቹም ትምህርት ያዘሉ ናቸው። ሊቃውንት የከበሮውን ሰፊና ጠባብ አፍ በመለኮትና በትስብእት፣ በላዩ የተጠላለፈውን ጠፍር በክርስቶስ ጀርባ ላይ ባረፈው ግርፋት ይመስሉታል። ስለዚህ ከበሮ የሚመታ መምህር ምቱን ሲያለዝብና ሲያጠነክር ሕማማቱንና ትንሣኤውን እያሰበ ነው።

አቋቋም የሚማር ሰው ቤቱን ይመርጣል። ጎንደር ውስጥ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ሦስተኛው ተክሌ ነው። እንደሚተረከው አለቃ ገብረ ሐና የጣና ዳር ተክል በማዕበልና በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይተው አዲሱን ዝማሜ አወጡ። በጣና ዳር ለሚወለድ የፎገራ ልጅ የተክሉ መወዛወዝ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎንደር ሊቃውንት ግን አዲሱን ስልት አልተቀበሉትም ይባላል። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጁም አስፋፋው፤ ስልቱም በስሙ ተጠራ። የተክሌ ስልት መቋሚያውንና ሰውነትን ይበልጥ ያወዛውዛል። በጎጃም በሰፊው ይታወቃል፤ በደብረ ታቦርም መምህራን አሉት።

ሰውነትን የመንፈሳዊ ትምህርት ክፍል ያደረገ ሌላም ሕዝብ አለ። የሕንዱ ዮጋ ዛሬ በከተሞቻችን የሚታወቀው በስፖርትነቱ ቢሆንም፣ ጥንታዊው ሥርዓት ብዙ ዘርፍ አለው። ጅናና በእውቀት፣ ብሃክቲ በአምልኮ ፍቅር፣ ካርማ ዋጋ ሳይጠብቁ በመሥራት፣ ራጃ አእምሮን በመግዛት፣ ሐታ ሰውነትንና ትንፋሽን በማሠልጠን የሚኬድባቸው መንገዶች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል። ዮጋንና አቋቋምን አንድ ናቸው ማለት ግን ለሁለቱም አይበጅም፤ እምነታቸውም ግባቸውም ይለያያል። ዮጋን አንድ ሰው ብቻውን በጓዳው ሊሠራው ይችላል። አቋቋም ግን ማኅበር ይፈልጋል። ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የየወገናቸው አለቆች ናቸው፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። በአንድ እርምጃ የሚሳሳት ሰው የሁሉንም ዜማ ይሰብራል። ስለዚህ ተማሪው ዜማ ከመማር ጋር ጓደኛውን መስማትን፣ ተራውን መጠበቅን፣ ድምፁን በሌላው ልክ ማድረግን ይለምዳል።

ተክሌም ሆነ የጎንደሩ ስልት የሚያገለግሉት አንድን ያሬዳዊ ዜማ ነው። አንዱ ቤት እርጋታን ሲጠብቅ ሌላው ደስታን በሰውነት ያጎላል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ለሐዘኑም ለደስታውም የሚሆን ታገኛለች። ይህን ብዝኃነት ያቆዩልን ከአኩፋዳና ከደበሎ በቀር ንብረት ሳይኖራቸው ከደብር ደብር እየዞሩ ዓመታት የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችና የሚያስተምሯቸው የኔታዎች ናቸው። መምህር ሲያልፍ፣ ተማሪ ሲያጥር፣ በቃልና በሰውነት ብቻ የተቀመጠ እውቀት አብሮ ያልፋል። የፎገራ ልጆች የአለቃን ቀልድ ሲማሩ የአለቃን ዝማሜም አብረው ሊማሩ ይገባል። ናበጋ ለአገር የሰጠችው ሳቅ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም በየበዓሉ የሚቆምና የሚዘመም ትምህርትም ሰጥታለች።